ያየኸውን ጻፍ

ሰው በዘመኑ ከሚያጋጥሙት አታላዮች ሁሉ እጅግ የሚያስቸግረው የገዛ ልቡ ምኞት ነው። ሌባ ቢመጣ በር ይዘጋበታል፤ ሐሰተኛ ቢናገር ምስክር ይቆምበታል። ምኞት ግን እቤት ውስጥ የተወለደ ስለ ሆነ በር የሚዘጋበት የለም፤ ምስክሩም ዳኛውም እርሱው ራሱ ነው። ወጣቶች ሆይ፤ ይህን የምነግራችሁ ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። 38 ዓመት ፊዚክስ ካስተማርሁና ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ በ64 ዓመቴ፣ አንድ አሮጌ የቢስክሌት ቸርኬ ያስተማረኝን ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት ከልጅነቴ መጀመር ይገባኛል። የተማርሁት በወለጋ ደጋ በሚገኝ የሚስዮን ትምህርት ቤት ነበር። በ1963 ዓ.ም. የ12 ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ የሳይንስ መምህራችን የነበሩት የውጭ አገር ሰው ውሃ አፍልተን ሙቀቱን በቴርሞሜትር እንድንለካና ቍጥሩን በደብተራችን እንድንጽፍ አዘዙን። መጽሐፋችን ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ይል ነበር። ውሃው ተንተከተከ፤ ቴርሞሜትሩ ግን 93 ላይ ደርሶ ቆመ። እሳቱን ጨመርን፤ እፍ አልንበት፤ አልነቃነቅ አለ። በመጨረሻ ሁላችንም 100 ብለን ጻፍን። ከመካከላችን አንዲት ልጅ ብቻ 93 ብላ ጻፈች፤ እኛም ሳቅንባት።

መምህራችን ደብተሩን ሁሉ ተመልክተው ሲያበቁ ልጅቱን አስነሥተው አመሰገኗት። ከዚያም ወደ እኛ ዘወር ብለው እንዲህ አሉ፤ «መጽሐፉ የተጻፈው በባሕር ጠረፍ ላለ ሰው ነው። እናንተ ያላችሁት ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ብላችሁ ነው። እዚህ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ውሃው ቀድሞ ይፈላል። እንግዲህ መጽሐፉም አልዋሸም፤ ቴርሞሜትሩም አልዋሸም።» ይህን ብለው ወደ እኔ መጡና ጣታቸውን 100 ብዬ በጻፍሁት ላይ አኑረው በተሰባበረው አማርኛቸው «ያየኸውን ጻፍ» አሉኝ። አልተቈጡም፤ አልመቱኝም። ነገር ግን ያ ጣት እስከ ዛሬ ድረስ በደብተሬ ላይ እንዳለ ነው።

ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ እንደ ነገርኋቸው ቍጥር የለውም። ስነግራቸውም ሁልጊዜ ፈተናውን አልፎ እንደ ጨረሰ ሰው ነበር እንጂ ገና እንደሚፈተን ሰው አልነበረም።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የምኖረው በአዋሽ ዳር በምትገኝ ትንሽ ከተማ ነው። በ2015 ዓ.ም. በጥቅምት ወር አንድ ቀድሞ ያስተማርሁት ልጅ ወደ ቤቴ መጣ። በከተማችን የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚጠግን፣ እጁ የሠለጠነ፣ ጠባዩም የተመሰገነ ወጣት ነው። በእጅ ስልኩ ላይ ተንቀሳቃሽ ሥዕል አሳየኝ፤ ማግኔት የተለጠፈበት መንኰራኵር በአንድ ጥቅልል ሽቦ ፊት ያለ ማቋረጥ ሲዞር ይታያል። «መምህር፣ ይዩልኝ» አለኝ፤ «አንዱ ባትሪ መንኰራኵሩን ያዞራል፤ መንኰራኵሩ ደግሞ ሁለተኛውን ባትሪ ይሞላል። የመጀመሪያው ሲደክም ሁለቱን ማለዋወጥ ነው። እንዲህ እያለ ሳይቆም ይኖራል ይላሉ።»

የልጁ አሳብ የራስ ወዳድ አሳብ አልነበረም። በወንዙ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ አሥራ አንድ አባወራዎች ዕቁብ ገብተው በናፍጣ የሚሠራ የውሃ ፓምፕ ለመግዛት ለሦስት ዓመት ገንዘብ ያጠራቅሙ ነበር። እናቱም ከአሥራ አንዱ አንዷ ናት። የናፍጣው ዋጋ ከዓመት ወደ ዓመት ሲጨምር ፓምፑን ቢገዙት እንኳ ማጠጣቱ እንደማያዋጣቸው ይፈሩ ነበር። ስለዚህ ልጁ በዚያ ገንዘብ ናፍጣ የማይጠጣ ትልቅ መንኰራኵር ልሥራላቸው ብሎ ነበር። እነርሱም «መምህሩ አይቶ ይሠራል ካለ እንስማማለን» ብለውታል።

ይህን በሰማሁ ጊዜ ማለት የሚገባኝን አውቅ ነበር። የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1775 ዓ.ም. «ዘላለም በራሱ የሚዞር መኪና ሠርቻለሁ» የሚል ማመልከቻ ከእንግዲህ አልመረምርም ብሎ እንደ ወሰነ ለብዙ ዓመታት በክፍል ውስጥ አስተምሬያለሁ። ነገር ግን እውነቱን ልናገርና፣ ጡረታ የወጣ መምህር ቤት ደጁን የሚያንኳኳ ሰው ብዙ አይደለም። ከስድስት ወር በኋላ «መምህር፣ ምን ይላሉ?» ብሎ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው ይህ ልጅ ነበር። ስለዚህ «አይሆንም» በማለት ፈንታ «እስቲ ሠርተን እንየው» አልሁት። ይህም አነጋገር በራሱ መልካም ነበረ፤ ክፋቱ የመጣው ኋላ ነው።

መኪናውን ለመሥራት ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ከአሮጌ ቢስክሌት የፊት ቸርኬውን ከነኩሽኔታው ወሰድን። ከተሰበሩ ድምፅ ማጉያዎች ማግኔት አወጣንና ስምንቱን በቸርኬው ዙሪያ በእኩል ርቀት፣ አንድ ዐይነት ዋልታቸው ወደ ውጭ እንዲያይ አድርገን አጣበቅናቸው። ከተቃጠለ ትራንስፎርመር የመዳብ ሽቦ ፈትተን ሁለት ሽቦ ጎን ለጎን አድርገን በአንድ ላይ ጠቀለልን። በጥቅልሉ መካከል ልባሱን የፋቅንለትን የብየዳ ኤሌክትሮድ አጭቀን ከተትንበት። ከዚያም አንድ 2ኤን3055 የሚባል ትራንዚስተር፣ አንድ ሬዚስተርና ሁለት ዳዮድ በስታኞ በየዳን። ባትሪዎቹ እያንዳንዳቸው ባለ 12 ቮልትና ባለ 7 አምፔር ሰዓት፣ ሁለቱም አንድ ዐይነት ነበሩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መንኰራኵሩን በእጅ ገፋ ስታደርጉት ማግኔቱ ወደ ጥቅልሉ ሲቀርብና ሲያልፍ በአንደኛው ሽቦ ውስጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያስነሣል። ይህን ነገር ማይክል ፋራዴይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1831 ዓ.ም. ገልጦታል። ያ ጥቂት ኤሌክትሪክ ትራንዚስተሩን እንደ በር ይከፍተዋል። በሩ ሲከፈት ከባትሪው የሚመጣው ኤሌክትሪክ በሁለተኛው ሽቦ ውስጥ ይሮጣል፤ ጥቅልሉም ለቅጽበት ማግኔት ይሆንና የሚያልፈውን ማግኔት ገፍቶ ይሰደዋል። ማግኔቱ ሲርቅ በሩ ይዘጋል። እንግዲህ ሞተሩ እንደ ሌሎች ሞተሮች ያለ ማቋረጥ አይሳብም፤ ልጅ ዥዋዥዌ ላይ ያለ ጓደኛውን በየተራው ገፋ እንደሚያደርግ በየምቱ ይገፋል እንጂ። በሩ በተዘጋ ቍጥር በጥቅልሉ ውስጥ የነበረው የማግኔት ጉልበት በድንገት ይፈርስና ከባትሪው ቮልት ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ቮልት ይወረውራል። ያ ውርወራ በዳዮዱ በኩል አልፎ ሁለተኛውን ባትሪ ይሞላል። እንዲህ ያለው ሞተር በብዙዎች ዘንድ የሚታወቀው በአሜሪካዊው በጆን ቤዲኒ ስም ነው።

የመጀመሪያው ምሽት ሲመጣ መንኰራኵሩን ገፋሁት። ጥቂት አመነታ፤ ከዚያ ፍጥነቱ እየጨመረ ሄዶ የስፖኪዎቹ ጥላ በግድግዳዬ ላይ እስኪጠፋ ድረስ ዞረ። ልጁ እንደ ሕፃን አጨበጨበ። እኔም ደስ አለኝ። ለሦስት ሰዓት አዞርነው። ስንጀምር የመጀመሪያው ባትሪ በቴስተር ስንለካው 12.7 ቮልት፣ ሁለተኛው 11.6 ቮልት ነበረ። ስንጨርስ የመጀመሪያው 12.5፣ ሁለተኛው 12.9 ሆኖ አገኘነው። ይኸውም አንዱ 0.2 ቮልት ሲያጣ ሌላው 1.3 ቮልት አተረፈ ማለት ነው። ልጁ «ስድስት እጥፍ!» ብሎ ጮኸ። እኔም እንዲህ ያለውን ስሌት አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ቢያቀርብልኝ በቀይ ቀለም የምሰርዝበት መምህር፣ ቍጥሮቹን በደብተሬ ጻፍሁና በሥራቸው መስመር አሰመርሁባቸው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ደረስሁ። በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቼ ሁለተኛውን ባትሪ ብቻዬን ለካሁት። ሌሊቱን ማንም ሳይነካው 12.9 የነበረው ወደ 12.1 ወርዶ አደረ። ቴስተሩን አነሣሁና ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። ደብተሩ በአጠገቤ ተከፍቶ ነበር፤ እርሳሱም በላዩ ላይ ነበር። ያን ቍጥር ግን አልጻፍሁትም። «ቴስተሩ ርካሽ ነው፤ ብርዱም ይሆናል፤ ሌላ ቀን እለካዋለሁ» ብዬ ደብተሩን ዘጋሁት። ከሁለት ቀን በኋላ ልጁ ወረቀት ይዞ መጣ። «የተሠራውን መኪና ዐይቻለሁ፤ ይሠራል» የሚል ነበር። ፈረምሁለት።

ወጣቶች ሆይ፤ ልብ በሉ። የጻፍሁት ቍጥር ሁሉ እውነት ነበር። የፈረምሁበትም ቃል ቢመረመር «ይሠራል» ይላል እንጂ «ከሚበላው የሚሰጠው ይበልጣል» አይልም። ሆኖም ውሸት ነበረ። ሰው ሐሰት ለመናገር የግድ ሐሰት መናገር አያስፈልገውም፤ ከእውነቱ መካከል አንዲቱን መርጦ መዝለል ይበቃዋል። በልጅነቴ ያላየሁትን 100 ጽፌ ነበር፤ በስተርጅና ደግሞ ያየሁትን 12.1 ሳልጽፍ ቀረሁ።

በሳምንቱ ከዕቁብተኞቹ በዕድሜ የገፉት ሽማግሌ ወደ ቤቴ መጡ። በዘንቢል ሽንኩርት ይዘውልኛል። ከተቀመጡ በኋላ «መምህር» አሉኝ፤ «እኛ የኤሌክትሪኩን ነገር አናውቀውም። ልጁም ልጅ ነው። እርስዎ ፈርመዋል ሲሉን ነው ልባችን ያረፈው። በመጪው እሑድ ገንዘቡን እናስረክበዋለን።» ሽንኩርቱን ተቀብዬ አመሰገንሁ። እርሳቸው ከሄዱ በኋላ ግን ዘንቢሉን ማየት አቃተኝ። ወደ ጓዳ ገብቼ ደብተሩን ከፈትሁ፤ ከመስመሩ በታች «በማግሥቱ ጧት 12.1» ብዬ ጻፍሁ። እጄ ያን ቍጥር እንደ ጻፈ አእምሮዬ መሥራት ጀመረ፤ እስከዚያ ድረስ ታስሮ እንደ ነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ስሕተታችን ምን ነበር? ቮልትን ጉልበት አድርገን መቍጠራችን ነው። ቮልት በዕቃ ውስጥ እንዳለ ውሃ ከፍታ ነው። አንገተ ጠባብ በሆነ ጠርሙስ ውስጥ አንድ ስኒ ውሃ ብታፈስሱ ውሃው ከፍ ብሎ ይታያል፤ ያንኑ ስኒ በጋን ውስጥ ብታፈስሱት ግን የጋኑን ቂጥ እንኳ አይሸፍንም። ባትሪም ሲሞላ በመጀመሪያ የእርሳስ ሳንቃዎቹ ቆዳ ብቻ ይሞላና ቮልቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል። አድሮ ሲረጋ ያ የይምሰል ከፍታ ይወርዳል። ስለዚህ የባትሪን ሀብት ለማወቅ ፊቱን ማየት አይበቃም፤ ሥራ ማሠራት ያስፈልጋል እንጂ።

ስለዚህ ሌላ ሚዛን አበጀሁ። 5 ዋት የሚበላ የባጃጅ አምፖል ገዛሁ። ደንቡንም እንዲህ አደረግሁ፤ አምፖሉን በባትሪው ላይ አበራለሁ፤ ባትሪው 11 ቮልት ሲደርስ አጠፋለሁ፤ ስንት ሰዓት እንደ በራ እጽፋለሁ። በቻርጀር በደንብ የተሞላው ባትሪ አምፖሉን 16 ሰዓት አበራው። እንደገና ሞልቼው ሞተሩን 10 ሰዓት፣ ማለት ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት አዞርሁበት። ከዚያ በኋላ ያው ባትሪ አምፖሉን ያበራው 5 ሰዓት ተኩል ብቻ ነበረ። እንግዲህ ሞተሩ የበላው 10 ሰዓት ተኩል የሚያበራ ጉልበት ነው። ሁለተኛው ባትሪ ደግሞ አስቀድሞ በአምፖሉ እስከ 11 ቮልት ተራቍቶ ነበር፤ ከሞተሩ ተቀብሎ አምፖሉን ስንት ያበራ ይመስላችኋል? 2 ሰዓት ተኩል። ይኸውም ከአራት እጅ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

አንድ ጊዜ ብቻ ለክቶ መፍረድ አይገባም ብዬ ሁለት ጊዜ ደገምሁት። 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ፣ ከዚያም 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሆነ። በመጨረሻ ልጁ እንደሚለው ባትሪዎቹን አለዋወጥኋቸው። በመጀመሪያው ባትሪ መንኰራኵሩ 15 ሰዓት ያህል ዞረ። በሁለተኛው ሦስት ሰዓት ተኩል ዞረ። ሲለዋወጡ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ቀረ። ሌላ ጊዜ ስለውጣቸው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ተንገዳግዶ ቆመ። ነገሩ እርስ በርሳቸው ብድር እየተበዳደሩ የሚኖሩ ሁለት ወንድማማቾችን ይመስላል፤ ገንዘቡ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ በሄደ ቍጥር በመንገድ ላይ ያለው ጠላ ቤት ሦስት አራተኛውን ያስቀረዋል።

ጠላ ቤቱም የት እንዳለ ፈልጌ አገኘሁት። ጥቅልሉን ስነካው ሞቋል። ትራንዚስተሩ የተጣበቀበት ብረት ጣት ያቃጥላል። ስፖኪዎቹ አየሩን እየቀዘፉ ነፋስ ያነሣሉ፤ ኩሽኔታው ይፋተጋል፤ ባትሪውም ራሱ ሲሞላና ሲራቈት ይሞቃል። ከጉልበቱ አንዲት ጠብታ አልጠፋችም፤ ነገር ግን አብዛኛው ሽንኩርት ወደማያጠጣ ሙቀት ተለወጠ።

በዚያ ሳምንት ያጽናናኝ የአንድ ሌላ ሰው ታሪክ ነው። በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር አጠገብ ጄምስ ጁል የሚባል የጠላ ጠማቂ ልጅ ነበር፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1818 ዓ.ም. ተወለደ። በ1838 ዓ.ም. ዕድሜው ገና 20 ሳይሞላ በባትሪ የሚሠራ ሞተር ሠራ። እርሱም እንደ ልጃችን ይህ ሞተር አንድ ቀን የእንፋሎቱን መኪና ያስቀረዋል ብሎ ተስፋ ያደርግ ነበር። ነገር ግን ተስፋ ብቻ አላደረገም፤ ለካ። በ1841 ዓ.ም. በባትሪው ውስጥ የሚበላው አንድ ፓውንድ ዚንክ የሚሰጠውን ሥራ አንድ ፓውንድ የድንጋይ ከሰል በጥሩ የእንፋሎት መኪና ከሚሰጠው ጋር ቢያስተያየው ከሰሉ ከአራት እጥፍ በላይ በልጦ ተገኘ፤ ዚንኩ ደግሞ ከከሰሉ ይልቅ እጅግ ውድ ነው። ይህንንም ተስፋውን የሚያፈርስ ውጤት ሳይደብቅ በሰው ፊት ተናገረ።

ጁል ቍጥሩን ደብቆ ቢሆን ኖሮ ለጥቂት ጊዜ ተደንቆ ይረሳ ነበር። እርሱ ግን ጉልበቱ የት ሄደ ብሎ ሙቀቱን መከታተል ያዘ። በሽቦ ውስጥ የሚወጣውን ሙቀት፣ ውሃ ሲመታ የሚወጣውን ሙቀት ለዓመታት በቴርሞሜትር ለካ። በዚህም ሥራ ጉልበት ከአንዱ መልክ ወደ ሌላው ይለወጣል እንጂ ከምንም እንደማይፈጠር፣ ወደ ምንም እንደማይጠፋ ለዓለም ካስረዱት ሰዎች አንዱ ሆነ። ዛሬ የጉልበት መለኪያ በስሙ ጁል ይባላል። እንግዲህ ስሙን ያቆየለት የሠራው ሞተር አይደለም፤ የሞተሩን ድካም በእውነት መጻፉ ነው።

ቅዳሜ ማታ ልጁን ጠርቼ ደብተሩን አሳየሁት። አንብቦ ዝም አለ። ቍጥሮቹን አልተከራከረም፤ እርሱም ባለሙያ ነው። ግን ከ12.1 አጠገብ የጻፍሁትን ቀን አየና «መምህር፣ ይህን ሳይፈርሙ በፊት ያውቁ ነበር?» አለኝ። «አዎን፣ አውቅ ነበር» አልሁት። ከዚያ ወዲያ አንዳች ሳይናገር ወጥቶ ሄደ። በ38 ዓመት የመምህርነት ዘመኔ እንደዚያች ጥያቄ የከበደኝ የለም።

እሑድ ዕቁቡ በሚሰበሰብበት ቤት ሄድሁ። ቡና ተፈልቷል፤ ገንዘቡም በዕቁቡ ዳኛ ፊት በፌስታል ተቀምጧል። ተነሥቼ ፊርማዬን እንዲመልሱልኝ ለመንሁ። መንኰራኵሩ እንደሚዞር፣ ነገር ግን አራት ስኒ ጠጥቶ አንድ ስኒ እንኳ የማይመልስ መሆኑን ነገርኋቸው። ጥፋቱ የልጁ ሳይሆን የእኔ እንደ ሆነ፣ ምልክቱን አይቼ እንደ ዘለልሁት ጨመርሁ። የልጁ እናት አቀርቅራ ነበር። አንዱ ጎልማሳ በንዴት «ታዲያ የተማረ ሰው ቃል ምን ዋጋ አለው?» አለ። መልስ አልነበረኝም። ሽማግሌው ግን ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝና «ገንዘቡ ገና ከቤቱ አልወጣም፤ ቃሉም ደርሶልናል» አሉ። ሌላ ምንም አልተባለም። የናፍጣውን ፓምፕ ገዙ፤ ናፍጣውም እንደ ፈሩት ውድ ሆነባቸው። እውነት መናገሬ ሽንኩርቱን አላጠጣላቸውም፤ ገንዘባቸውን ብቻ አተረፈላቸው።

ልጁ ሁለት ወር ያህል በመንገድ ሲያገኘኝ ከሩቅ ሰላምታ ሰጥቶ ያልፍ ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን በጀርባው የፀሐይ ኃይል መቀበያ ሳንቃ ተሸክሞ መጣ። ሊሸጠው ያመጣው ዕቃ ነው። በጀርባው 100 ዋት ተብሎ ተጽፎበታል። «መምህር፣ ያን አምፖል ያውጡት» አለኝ። አንድ አምፖል ስለማይበቃ ከእርሱ ሱቅ ሌሎች አምጥተን እኩለ ቀን ላይ በግቢዬ ለካነው። በዚያ ቀን የሰጠው 70 ዋት ያህል ነበረ። ለገዢው በጻፈለት ደረሰኝ ላይ «በተለካበት ቀን 70» ብሎ ጻፈበት። እኔ አልነገርሁትም። ሳንቃውም ከምንም አይሰጥም፤ ከፀሐይ ተቀብሎ ነው የሚሰጠው፤ ልዩነቱ ፀሐይዋ ደረሰኝ አለመጠየቋ ነው።

ያን መንኰራኵር አልጣልሁትም። የሰፈራችን ልጆች ሲመጡ እገፋላቸዋለሁ። ሥራው ራሱ የሚናቅ አይደለም፤ በማግኔቱ ማለፍ ጊዜ ትራንዚስተር እየከፈቱና እየዘጉ ማዞር ዛሬ በኮምፒዩተር ውስጥ ያለችውን ትንሽ ማራገቢያ የሚያዞራት ጥበብ ነው። በደንብ የተሠራ የኤሌክትሪክ ሞተር ከሚቀበለው 100 እጅ 90 እና ከዚያ በላይ በሥራ ይመልሳል። 101 የሚመልስ ግን አልተገኘም። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የአባይ ግድባችን እንኳ ጉልበት አይፈጥርም። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 100 ሜትር ሲወርድ የሚሰጠው ከሩብ ኪሎዋት ሰዓት ጥቂት ብቻ የሚበልጥ ነው። ብዛቱ የወንዙ ብዛት ነው፤ ውሃውንም ከባሕር አንሥታ በደጋችን ላይ ያዘነበችው ፀሐይ ናት። ከዚህ ሂሳብ ውጭ ነኝ የሚል ሰው ቢመጣባችሁ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚለውን የአባቶቻችሁን ተረት አስታውሱ።

ይሁን እንጂ ልጆቼ፤ የምመክራችሁ አዲስ ነገር አትሞክሩ ብዬ አይደለም። ሞክሩ። የምትችሉትን ሁሉ ፈትታችሁ እዩ፤ ጠቅልሉ፤ በዩ፤ አዙሩ። ግን ሚዛናችሁን ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት አበጁ፤ ካያችሁት በኋላ የምታበጁት ሚዛን ወደ ምኞታችሁ ያዘነብላልና። ደስ ያሰኛችሁን ቍጥር ሁለት ጊዜ ለኩ፤ ያሳዘናችሁን ቍጥር ግን ሳይቀዘቅዝ ጻፉት። ሰው ስማችሁን አምኖ ገንዘቡን ሊያወጣ እንደ ሆነ ደግሞ ከመፈረማችሁ በፊት ደብተራችሁን ገልጣችሁ «ያላኖርሁት ነገር አለን?» ብላችሁ ጠይቁ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኔ እንዳየሁት ግን ንጋት ሲጠራ ዐይኑን ገልጦ የሚጽፍ ሰው ያስፈልገዋል። በዚያች ጧት ጎሑ ቀድዶ፣ ቍጥሩም በፊቴ ቆሞ ነበር። ደብተሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።